የፍራንክሊን ግለ ታሪክ ውስጥ ያሉትን ሴቶች ማንበብ፦ ደረጃ በደረጃ

በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ መልኩ ብቻ ይለያያል። አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች «ልጄ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን (ከአሜሪካ መሥራች አባቶች አንዱ የሆነውን አታሚ) ግለ ታሪክ አንብበሽ ስለ ሴቶች ያለውን አመለካከት ጻፊ ተብላለች፤ ከየት ትጀምር?» ይሉኛል። አገር ቤት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚማሩ ልጆችም ይኸንኑ ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም የሚቸገሩት አንድ ቦታ ላይ ነው። ፍራንክሊን ቁጭ ብሎ «ስለ ሴቶች የማስበው ይህን ነው» የሚልበት ገጽ የለም። ያንን ገጽ ፍለጋ የገባ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነቅሶ ይወጣል። ከዚያ ወይ ፍራንክሊንን የሴቶች መብት ታጋይ ያደርገዋል፣ ወይ ድራሹን ያጠፋዋል።

እዚህ የማሳያችሁ አሠራር ጥያቄውን ይቀይረዋል። እያንዳንዷ ሴት ትረካው ውስጥ ለምን ገባች? ምን ትሠራለች? ታሪኳ ሲያልቅ ማን ምን አተረፈ? መልሶቹን ስትደምሩ አመለካከቱ ራሱ ይወጣል።

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ያልተቆረጠ ሙሉ ቅጂ። የቅጂ መብቱ ስላበቃ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ለተማሪ ተብለው ያጠሩ እትሞች ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ቀድመው የሚቆርጡት እኛ የምንፈልገውን ነውና።
• በወረቀት የምታነቡ ከሆነ፣ ቃል ለመፈለግ አንድ የኮምፒውተር ቅጂ በተጨማሪ።
• ደብተር ወይም የኤክሴል ሠንጠረዥ።
• ሁለት ቀለም ማድመቂያ። አንዱ ለግሥ፣ አንዱ ለገንዘብ።
• ለመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ፋውንደርስ ኦንላይን የተባለው ድረ ገጽ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የከፈተው ነው፤ የፍራንክሊን ደብዳቤዎች በነፃ ይነበቡበታል።

መጽሐፉ ረጅም አይደለም። ሁለት ጊዜ ማንበብ ግን ግድ ነው።

ደረጃ 1፦ አራቱን ክፍሎች ለዩ

ግለ ታሪኩ በአንድ ጊዜ አልተጻፈም። የመጀመሪያው ክፍል የተጻፈው በ1771 እንግሊዝ አገር፣ ትዋይፎርድ በምትባል መንደር፣ የአንድ ጳጳስ ወዳጁ ቤት ተቀምጦ ነው። ያኔ 65 ዓመቱ ነው። ሁለተኛውን በ1784 ፈረንሳይ፣ ፓሲ ላይ ጻፈ። ሦስተኛውን በ1788 ፊላደልፊያ ጀመረ። አራተኛው ጥቂት ገጽ ነው፤ በሚያዝያ 1790 ከመሞቱ በፊት የተጻፈ።

በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ዓመቱንና ቦታውን በእርሳስ ጻፉ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የመጀመሪያው ክፍል «ውድ ልጄ» ብሎ ለልጁ ለዊሊያም የተጻፈ ነው። ዊሊያም ያኔ የኒው ጀርሲ ገዥ ነበር። ሚስቱ ዲቦራም በሕይወት አለች፤ እሷ ፊላደልፊያ፣ እሱ ለንደን። ሁለተኛው ክፍል ሲጻፍ ግን ዲቦራ ከሞተች አሥር ዓመት ሊሞላት ነው (ያረፈችው በታኅሣሥ 1774 ነው)። ዊሊያምም በአሜሪካ አብዮት ጊዜ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጎን ቆሞ ከአባቱ ጋር ተቆራርጠዋል። የሁለተኛው ክፍል አንባቢ ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ስለ ዲቦራ የምታገኙት እያንዳንዱ ቃል በሕይወት ስላለች ሚስት ይሁን ስለ ሟች ሚስት ማወቅ አለባችሁ። ይህን ሳይለዩ የገቡ ሰዎች ሁለቱን ድምፅ አንድ ያደርጓቸዋል።

ደረጃ 2፦ ያገኛችኋትን ሴት ሁሉ መዝግቡ

በመጀመሪያው ንባብ አትፍረዱ፣ አትተርጉሙ። ዝም ብላችሁ መዝግቡ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብልጭ ብላ የጠፋችም ትመዝገብ። ሠንጠረዡ ስድስት አምድ ይኑረው፦ ማን ናት፣ ስም አላት ወይ፣ ምን ትሠራለች፣ ገንዘብ ይነሳል ወይ፣ ፍራንክሊን ምን አገኘ ወይም አጣ፣ ታሪኳ እንዴት አለቀ።

እንዳታመልጧችሁ ዋና ዋናዎቹን ልዘርዝር። እናቱ አለች፤ አሥር ልጆቿን ሁሉ ራሷ እንዳጠባች ይነግረናል። በ1723 ከቦስተን ጠፍቶ ፊላደልፊያ የገባ ሰሞን፣ በርሊንግተን ላይ ቤቷ ያስጠጋችው አሮጊት አለች። የበሬ ጉንጭ ሥጋ አብልታው፣ በምላሹ አንድ ማሰሮ ቢራ ብቻ ነው የተቀበለችው። ፊላደልፊያ እንደደረሰ ከሦስት ዳቦው ሁለቱን የሰጣት ባለ ሕፃን ሴት አለች። በዚያው ቀን በር ላይ ቆማ አለባበሱንና አካሄዱን አይታ የታዘበችው ዲቦራ ሪድ አለች። የዲቦራ እናት አለች። በኋላ በመርከብ ሲጓዝ ከሁለት ወጣት ሴቶች እንዲርቅ የመከረችው ጠና ያለች የኩዌከር እምነት ተከታይ አለች። ሴቶቹ ሌቦች ሆነው ተገኙ። ለንደን ላይ ደግሞ የጓደኛው የጄምስ ራልፍ ወዳጅ የሆነች ባርኔጣ ሠሪ፣ ቤት ያከራየችው ባልቴትና ሰገነቱ ላይ እንደ መነኩሲት የምትኖር የ70 ዓመት አሮጊት አሉ። ከዚያ ፊላደልፊያ ላይ ቤቱን የተጋራው የጎድፍሬ ሚስትና ልትድርለት ያሰበቻት የዘመዷ ልጅ፣ የደቡብ ካሮላይናዋ ባልቴት፣ ለንደን ላይ መንገድ የምትጠርገው ድሃ ሴት።

ሠንጠረዡን ስትሞሉ «ስም አላት ወይ» የሚለው አምድ በአብዛኛው ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለመደምደም አትቸኩሉ። የብዙ ወንዶችም ስም የለም። ከሴቶቹ ጎን ተመሳሳይ ቦታ ያላቸውን ወንዶች፣ ለምሳሌ የሥራ ሽርኮችን፣ አከራዮችን፣ ጓደኞችን ጻፉና የስማቸውን ብዛት አነጻጽሩ። ያለዚያ ንጽጽር አምዱ ምንም አያረጋግጥም።

እግረ መንገዴን፣ ሠንጠረዡን የሞላ ሰው ሁሉ የሚያየው አንድ ነገር አለ። የፍራንክሊን ብዕር የሚሞቀው በዕድሜ ገፋ ላሉት ሴቶች ነው። የለንደኗን አከራዩን እንዴት እንደሚያስታውሳት ተመልከቱ። ማታ ማታ ከእሷ ጋር ግማሽ ግማሽ አንቾቪ (ትንሽ የዓሣ ዓይነት)፣ ስስ ዳቦ በቅቤ፣ ግማሽ ፓይንት ቢራ ለሁለት ይዞ ወሬዋን መስማት እራቱ ነበር። ወጣቶቹ ግን ወይ ለጋብቻ የሚታሰቡ ናቸው፣ ወይ መዘዝ።

ደረጃ 3፦ ግሦቹን አድምቁ

አሁን ሁለተኛው ንባብ ነው። ቅጽል አታሳድዱ። «መልካም»፣ «ታማኝ»፣ «አስተዋይ» የሚባሉት የዘመኑ ሰው ሁሉ ለሚስቱና ለእናቱ የሚሰጣቸው ናቸው። ፍራንክሊን ራሱ በወላጆቹ መቃብር ላይ ባስጻፈው ጽሑፍ አባቱን ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው አስተዋይ፣ እናቱን ቁጥብና ምግባረ መልካም ይላቸዋል። ከእንዲህ ዓይነት ቃል ብዙ አይገኝም። ግሥ ግን አይዋሽም።

ዲቦራን ውሰዱ። በሁለተኛው ክፍል የሚሰጣት ግሦች እነዚህ ናቸው፦ የታተመውን ታጥፋለች፣ ትሰፋለች፣ ሱቅ ትጠብቃለች፣ ለወረቀት ሠሪዎች አሮጌ የበፍታ ጨርቅ ትገዛለች። ይህ የቤት እመቤት ዝርዝር አይደለም፤ የድርጅት ባልደረባ ዝርዝር ነው። እሱም አይደብቀውም። እንደሱው ሥራና ቁጠባ የምትወድ ሚስት ማግኘቱን ዕድል ይለዋል።

ወዲያው ከዚህ ቀጥሎ የሳህኑ ታሪክ ይመጣል። ፍራንክሊን ቁርሱን ዳቦና ወተት በሁለት ሳንቲም የሸክላ ሳህን፣ በርካሽ ማንኪያ ነበር የሚበላው። አንድ ቀን ጠዋት ሲቀርብ የቻይና ጎድጓዳ ሳህንና የብር ማንኪያ ሆኖ አገኘው። ዲቦራ ሳታማክረው በ23 ሺሊንግ ገዝታዋለች። ምክንያቷ አንድ ነው፦ ባሌ ከጎረቤቶቹ በምን ያንሳል?

እዚህ ገጽ ላይ ቆዩ። በግሥ ስታነቡት ሁለት ሴቶች ይታያሉ። ከጥቂት መስመር በፊት ገንዘቡን አብራው የምታመጣው ዲቦራ ነበረች፤ አሁን ግን ቅንጦት ወደ ቤት ያስገባችው እሷ ሆናለች። ታሪኩ የቀረበው በፍቅርና በፈገግታ ነው፤ ቁጣ የለበትም። ግን ቆጣቢነቱ የእሱ መርህ ሆኖ ይቀራል፣ መርሁን የጣሰችው እሷ። ደግሞ ምክንያቷን «ከዚህ ሌላ ማመካኛ አልነበራትም» በሚል አነጋገር ነው የሚያቀርበው። ሠርታ ያመጣችውን ገንዘብ ለማውጣት ማመካኛ የሚያስፈልጋት መሆኑን ልብ በሉ። እኔ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳህኑን ብቻ ጠቅሳችሁ ከፊቱ ያለውን የሥራ ዝርዝር አትዝለሉ። ሁለቱ አብረው ካልተነበቡ ፍራንክሊን ላይም ዲቦራ ላይም ትበድላላችሁ።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡን ተከተሉ

ፍራንክሊን ዋጋ የማይረሳ ሰው ነው። ከሴት ጋር የተያያዘ የገንዘብ አኃዝ ሲመጣ ሁሉ በሁለተኛው ቀለም አድምቁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስሜቱን በማይነግረን ቦታ ሁሉ ሒሳቡን ይነግረናል።

ከጋብቻው ጀምሩ። ቤቱን የተጋሩት ጎድፍሬና ሚስቱ የዘመዳቸውን ልጅ ሊያጋቡት ያስባሉ። ልጅቷ ለራሷ የምትገባ ሰው ናት ይላል፤ ስለ እሷ የምናገኘው ያችን ያህል ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ገንዘብ ይዞራል። ፍራንክሊን የማተሚያ ቤቱን ቀሪ ዕዳ የሚሸፍን ጥሎሽ (እዚህ ላይ ከልጅቷ ቤተሰብ ለባል የሚሰጥ ገንዘብ ማለት ነው) ይጠይቃል፤ ዕዳው ከ100 ፓውንድ አይበልጥም። የለንም ሲሉት ቤታቸውን አስይዘው እንዲበደሩ ሐሳብ ያቀርባል። እነሱም የማተሚያ ሥራ አያዋጣም ተብለናል ብለው ነገሩን አቋረጡት። እሱ ቤታቸው እንዳይመጣ ተከለከለ፣ ልጅቷ እንዳትወጣ ተዘጋባት። የልጅቷ ስም የለም፣ ቃሏ የለም። ቁጥሩ ግን አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው «ሴትን በገንዘብ ሸጦ ለወጠ» ብሎ ይጽፋል። ጥሎሽ በዚያ አገርና ዘመን የተለመደ ነው። እናንተ መጻፍ ያለባችሁ ትረካው ለምን ነገር ቦታ እንደሰጠና ለምን ነገር እንዳልሰጠ ነው።

ቀጥሎ የደቡብ ካሮላይናዋ ባልቴት። በመጽሐፉ ውስጥ የሴት ብቃት ከሁሉ በላይ በግልጽ የተመሰገነው እዚህ ነው። ፍራንክሊን በ1733 አንድ ሠራተኛውን ቻርለስተን ልኮ የማተሚያ ሽርክና ያቋቁማል። ሰውየው የተማረና ሐቀኛ ቢሆንም ሒሳብ አያውቅም። በሕይወት ሳለ አጥጋቢ የሒሳብ መግለጫ ከሱ አልተገኘም። ሲሞት ሚስቱ ተረከበች። እሷ ሆላንድ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በዚያ አገር ሴት ልጅ ሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ያለፈውን በተቻላት አጥርታ፣ ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ሳታዛንፍ መግለጫ ትልክለት ነበር። ልጆቿን በወግ አሳድጋ፣ በመጨረሻም ማተሚያ ቤቱን ከሱ ገዝታ ለልጇ አስረከበች።

ከዚህ ተነስቶ ምክር ይሰጣል፦ ሴት ልጆች ከሙዚቃና ከዳንስ ይልቅ ሒሳብ ይማሩ፤ ባል ቢሞት ለራሳቸውም ለልጆቻቸውም ይጠቅማል፣ ከአጭበርባሪም ይጠብቃቸዋል። ምክሩን በጥንቃቄ አንብቡ። ሴት ከወንድ እኩል ሒሳብ መሥራት እንደምትችል ምንም ጥርጥር የለውም። ግን ትምህርቷ የሚታሰበው ባሏ ከሞተ በኋላ ላለው ጊዜ፣ ልጇ እስኪደርስ ድረስ ነው። ሁለቱንም ጻፉ። አንዱን ብቻ መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው።

ሦስተኛዋ መንገድ ጠራጊዋ ናት። ለንደን፣ ክሬቨን መንገድ ላይ፣ ደካማና የገረጣች ሴት በሩ ላይ በመጥረጊያ ስትጠርግ ያገኛታል። ማን ቀጠረሽ ሲላት ማንም፤ ድሃ ነኝ፣ የጌቶችን ደጅ ጠርጌ የሚሰጡኝን እጠብቃለሁ ትለዋለች። መንገዱን ሙሉውን ጥረጊ፣ አንድ ሺሊንግ እሰጥሻለሁ አላት። ይህ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሳ መጣች። አላመነም፤ አሽከሩን ልኮ አጣራ። እውነት ነው፣ ጥርግ ብሏል። ከዚያ ፍራንክሊን ምን አለ? ይቺ ደካማ ሴት በሦስት ሰዓት ከጠረገችው፣ ብርቱ ወንድ በግማሹ ጊዜ ይጨርሰዋል። ወሬው በዚያው ስለ ከተማ ጽዳት ዕቅዱ ይቀጥላል።

በሠንጠረዣችሁ «ታሪኳ እንዴት አለቀ» የሚለው አምድ ላይ ምን ትጽፋላችሁ? ሴትየዋ በራሷ አንደበት ትናገራለች፤ ይህ በመጽሐፉ ላሉ ሴቶች ብርቅ ነው። ሥራዋን ከተጠበቀው በላይ ትሠራለች። ከዚያ ወደ ስሌት ተለውጣ ትጠፋለች።

ትናንሾቹን ቁጥሮችም አትተዉ። የለንደኗ አከራይ ሌላ ርካሽ ቤት አገኘሁ ሲላት ሳምንታዊ ኪራዩን ከ3 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ወደ 1 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ አወረደችለት። ሰገነት ላይ ያለችው አሮጊት ርስቷን ለበጎ አድራጎት ሰጥታ በዓመት 12 ፓውንድ ብቻ ለራሷ ያስቀረች፣ ከዚያም ላይ የምትመጸውት ናት። ይህችን ሴት ሲጠቅስ በምን ያህል ትንሽ ገንዘብ ሕይወትና ጤና እንደሚጠበቅ ማሳያ ያደርጋታል።

ደረጃ 5፦ ያመናቸውንና ያላመናቸውን ጥፋቶች ለዩ

ፍራንክሊን ማተሚያ ቤት ያደገ ሰው ስለሆነ የሕይወቱን ጥፋቶች እንደ ሕትመት ግድፈት ይቆጥራቸዋል። የት የት ላይ ይህን ምልክት እንዳደረገ ፈልጉ። ከሴት ጋር የተያያዙትን ብቻ አውጡና ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ጉዳቱ የማን ነው ይላል?

መጀመሪያ ዲቦራ። በ1724 ለንደን ሲሄድ ቃል ተግባብተው ነበር። ከዚያ አንድ ደብዳቤ ብቻ ጻፈላት፤ ቶሎ አልመለስም የሚል። በሌለበት ሮጀርስ የሚባል ሸክላ ሠሪ አገባች። ሰውየው ሌላ ሚስት አለው ተባለ፣ ባለ ዕዳ ሆኖ ወደ ዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን ደሴቶች) ጠፋ። ፍራንክሊን ሲመለስ አንገቷን ደፍታ ከሰው ርቃ አገኛት። የሐዘኗ ምክንያት በአብዛኛው የኔ አለመጽናት ነው ብሎ ያምናል። በመስከረም 1730 አብረው መኖር ጀመሩ፤ ግድፈቱንም በተቻለኝ አረምኩት ይላል። ይህን ገጽ በደንብ ያዙት። ሴቷ ላይ የደረሰውን ጉዳት በእሷ ዓይን አይቶ የጻፈበት ቦታ ነውና፣ ለእሱ የሚቆም ክርክር ካላችሁ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አታገኙም።

ሁለተኛ፣ የራልፍ ወዳጅ። ራልፍ ሚስትና ልጁን አሜሪካ ጥሎ የመጣ ሰው ነው፤ ለንደን ላይ ባርኔጣ ሠሪዋን ወደደ። እሱ ለሥራ ወደ ገጠር ሲሄድ ፍራንክሊን ገንዘብ ያበድራት ነበር። ችግሯን አይቶ ሊዳፈራት ሞከረ፤ እሷም በተገቢ ቁጣ መለሰችው። ተገቢ የሚለው የራሱ ቃል ነው፤ ይቆጠርለት። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ምን ላይ ያርፋል? ራልፍ ተቆጥቶ ዕዳዬን ሰርዣለሁ አለ፤ 27 ፓውንድ ያህል ቀረ። ሴትየዋ ከዚያ ወዲያ የለችም።

ሦስተኛው ግድፈት ተብሎ አልተመዘገበም። ከጋብቻው በፊት የወጣትነት ስሜት ገፋፍቶት መንገድ ላይ ከሚያገኛቸው «ዝቅ ያሉ ሴቶች» ጋር ይሄድ እንደነበር ይናገራል። ያስከተለው ምንድን ነው? ወጪ፣ ችግር፣ የበሽታ ስጋት። ሦስቱም የሱ ናቸው። ሴቶቹ ላይ ምን እንደደረሰ አንዲት ቃል የለም።

ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ መስመሩ ይታያል። ልትታገባ የምትችል ሴት ስትጎዳ ያስታውሳል፤ ያልታሰበች ሴት ስትጎዳ ሒሳቡን ይመዘግባል። ይህ የኔ ንባብ ነው። እናንተ ሌላ መስመር ካገኛችሁ በጥቅስ ደግፉትና ሂዱበት።

ከዚህ ጋር በሁለተኛው ክፍል ያሉትን 13 ምግባሮች ተመልከቱ። የሥጋ ንጽሕና (በፆታ ግንኙነት ራስን መግዛት) 12ኛው ነው። እዚያ የራስንም የሌላውንም ሰላምና ስም አለመጉዳት የሚል ሐረግ አለበት። «የሌላው» የሚለው ሕግ ላይ ገብቷል፣ ትረካው ላይ ግን ሁልጊዜ አልገባም።

ደረጃ 6፦ የሌለውን መዝግቡ፣ ግን በጥንቃቄ

አንደኛ ጠንቅ እዚህ ነው ያለው። ዝምታ ማስረጃ የሚሆነው ነገሩ መጽሐፉ በሚሸፍነው ዘመን ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ትረካው በ1757 ለንደን ከደረሰ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። ስለዚህ በ1765 እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ላይ የጣለችው የቴምብር ቀረጥ ባስነሳው ረብሻ ሰዎች ቤታቸውን ሊያጠቁ ሲዝቱ ዲቦራ አልወጣም ብላ ጠመንጃ ይዛ መጠበቋ መጽሐፉ ውስጥ አለመኖሩ ምንም አያሳይም። አልደረሰበትም፣ በቃ።

በዘመኑ ውስጥ ያሉት ዝምታዎች ግን ይቆጠራሉ። ሦስቱን እነሆ።

የዊሊያም እናት። መጽሐፉ «ውድ ልጄ» ብሎ ይጀምራል፤ ልጁ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ነው፤ እናቱ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከአባት ለልጅ በተጻፈ የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ የልጁ እናት የለችም።

የ1722ቱ ደብዳቤዎች። ፍራንክሊን በ16 ዓመቱ ስሙን ደብቆ የጻፈውን በወንድሙ ማተሚያ ቤት በር ሥር ማታ አሾልኮ ማስገባቱን በኩራት ይተርካል። የማይናገረው ነገር፣ በዚያ ዓመት የወጡት 14ቱ ደብዳቤዎች በአንዲት መካከለኛ ዕድሜ ባልቴት ድምፅ የተጻፉ መሆናቸውን ነው። ሳይለንስ ዱጉድ ብሎ ነው የሰየማት። አምስተኛው ደብዳቤ ሴቶች ትምህርት ስለመነፈጋቸው ይከራከራል።

የቻርለስተኗ ባልቴት ስም። ኤሊዛቤት ቲሞቲ ትባላለች። ያን ያህል ያመሰገናት ሴት በመጽሐፉ ስሟ አልተጻፈም።

ደረጃ 7፦ በደብዳቤ አመሳክሩ

አሁን ፋውንደርስ ኦንላይን ክፈቱ። የዲቦራን ደብዳቤዎች ፈልጉ፤ ፊደል አጣጣሏ ግራ ያጋባችኋል፣ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ይገባል። የ1765ቱን ረብሻ ራሷ ጽፋለታለች። የእህቱን የጄን ሜኮምንም ፈልጉ። ዕድሜ ልካቸውን ተጻጽፈዋል፤ በግለ ታሪኩ ግን ቦታ የላትም።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ግለ ታሪክ አንድ ሰው ስለራሱ የመረጠው ስለሆነ ነው። ደብዳቤው ላይ ሌላዋ ወገንም ትናገራለች። ግን ደብዳቤው ዋና ሥራችሁን እንዳይውጠው። ሁለት ወይም ሦስት ማመሳከሪያ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ጻፉት

እያንዳንዱ አንቀጽ አንዲት ሴት፣ አንድ ግሥ ወይም ቁጥር፣ አንድ ክፍል ይያዝ። ለምሳሌ፦

ደካማ፦ «ፍራንክሊን ሴቶችን ያከብር ነበር።»

ይሻላል፦ «ፍራንክሊን በሦስተኛው ክፍል የቻርለስተኗን ባልቴት የሚያመሰግናት ሒሳቧን በየሦስት ወሩ ስለላከች ነው፤ የሴት ልጅ ትምህርትንም የሚደግፈው በዚሁ ጥቅም መለኪያ ነው።»

ሁለተኛው ሊከራከሩት ይቻላል፤ የሚሻለውም ለዚህ ነው። መምህራን ነጥብ የሚሰጡት ለሱ ነው።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

የኮሊንስን ክርክር ማጋነን። ከጓደኛው ከጆን ኮሊንስ ጋር ሴቶች ይማሩ ወይስ አይማሩ ተከራክረው፣ ኮሊንስ በተፈጥሯቸው አይችሉም ሲል ፍራንክሊን ተቃራኒውን ያዘ። ሁሉም ሰው ይህን ይጠቅሳል። ግን እሱ ራሱ ምናልባት በጥቂቱ ለክርክር ያህል ነው ብሎ ጨምሯል። ያቺን ሐረግ ቆርጦ መጥቀስ ማጭበርበር ነው። ደግሞም ገጹ የሚቀጥለው አባቱ ስለ አጻጻፉ ባረመው እርማት ነው እንጂ ስለ ሴቶች አይደለም። የክርክሩን ቅንነት ለመመዘን ከዱጉድ አምስተኛ ደብዳቤ ጋር አስተያዩት።

ከሌላ ጽሑፍ መቅዳት። ፍራንክሊን በ1745 ስለ ጠና ያሉ ሴቶች የጻፈው ቀልድ አዘል ደብዳቤ ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። በየዓመቱ ያሳትመው የነበረው የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ (አልማናክ) ምሳሌያዊ አባባሎችም እንደዚሁ። ግለ ታሪኩ ውስጥ ያሉ አድርጋችሁ አትጥቀሱ።

ማጠቃለያ አንብቦ መጻፍ። አጫጭር ማጠቃለያዎች፣ በኮምፒውተር የተዘጋጁትንም ጨምሮ፣ ጠራጊዋንና የበርሊንግተኗን አሮጊት ይዘልላሉ። ሥራው ያለው እነሱ ላይ ነው።

ፍርድን ማስቀደም። «በዘመኑ ሁሉም እንዲህ ነበር» ማለትም፣ «ይህ ሰው ሴት ጠል ነው» ማለትም ሠንጠረዡ ሳይሞላ የመጣ ከሆነ ዋጋ የለውም።

በገጽ ቁጥር ብቻ መጥቀስ። የፍራንክሊን ግለ ታሪክ በብዙ እትም ስለወጣ የናንተ ገጽ 80 የመምህራችሁ ገጽ 112 ሊሆን ይችላል። ክፍሉንና ታሪኩን ጥቀሱ፦ «ሁለተኛ ክፍል፣ የሳህኑ ታሪክ»። የተጠቀማችሁበትን እትም በመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ ላይ አንድ ጊዜ አስፍሩ።